የአንባቢያን ጥያቄ፦ ለቤትም ለድንኳንም የሚሆን ጄኔሬተር

ክረምት ሲቃረብ የሚደርሱኝ ደብዳቤዎች ይመሳሰላሉ። ነፋስ ምሰሶ ይጥላል፣ መብረቅ ትራንስፎርመር ይመታል፣ ከከተማው ዳር ያለነው ሰዎችም ሻማ ፍለጋ እንወጣለን። ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. የህዳሴው ግድብ ሲመረቅ «ከእንግዲህ ጄኔሬተር ጠጋኝ ሥራ ይፈታል» ያሉኝ ደንበኞች ነበሩ። እኔም በዚያ ቀን እንደ ሁሉም ሰው ደስ ብሎኝ ነው የዋልኩት፤ 5,150 ሜጋ ዋት ቀላል ነገር አይደለም። ግን በእኛ ሰፈር ብዙ ጊዜ የሚበላሸው ከሰፈሩ ትራንስፎርመር እስከ ቆጣሪያችን ያለው መስመር ነው፤ እሱ እስኪጠናከር ድረስ ካራ ያለችው ሱቄ በር ላይ ማሽን ተሸክሞ የሚመጣ ሰው አይጠፋም። ለዚህ ወር አራት ደብዳቤዎች መርጫለሁ። የመጀመሪያው ብዙዎቻችሁ የምትጠይቁትን ስለያዘ ረዘም አድርጌ እመልሰዋለሁ።

ከለገጣፎ

*ጤና ይስጥልኝ ጋሼ። መብራት በሳምንት ሁለት ሦስቴ ይጠፋብናል፤ አንዳንዴ አድሮ ነው የሚመጣው። ቤት ውስጥ ፍሪጅ፣ ቴሌቪዥን፣ ዋይፋይ፣ ስድስት አምፖልና የውኃ ፓምፕ አለን። ባለቤቴ ደግሞ «ምጣዱን ካላስነሳ ምን ይሠራልናል» ትላለች። በዓመት ሁለት ሦስት ጊዜ ልጆቹን ይዘን ወንጪና ላንጋኖ ድንኳን ተክለን እናድራለን፤ እዚያም ይዘነው ብንሄድ ደስ ይለናል። መርካቶ «6500» የተጻፈበት ማሽን አይቼ ዋጋውም ተስማምቶኛል። ልግዛው?*

ወንድሜ፣ ገንዘቡን ካልከፈሉ ይቆዩ።

ያ «6500» የሚለው ቁጥር ብዙ ጊዜ የሞዴሉ ስም ነው እንጂ ዋት አይደለም። ዲናሞው ላይ የተለጠፈችውን ትንሽ የብረት ሰሌዳ ጎንበስ ብለው ያንብቧት። ሁለት የዋት ቁጥር ታገኛላችሁ፤ ትልቁ ለጥቂት ሰከንድ ብቻ የሚችለው ነው፣ ትንሹ ሳያቋርጥ የሚሰጠው። የሚገዙት ትንሹን ነው። ከዚያ የሞተሩን ሲሲ ይዩ። 196 ወይም 212 ሲሲ ከሆነ፣ ካርቶኑ ላይ ምንም ይጻፍ ምን፣ ሳያቋርጥ ከ2 እስከ 2.8 ኪሎ ዋት ገደማ የሚሰጥ ማሽን ነው። ትንንሾቹም እንዲሁ ናቸው። ቤንዚኑ ከዘይት ጋር ተቀላቅሎ የሚሞላው፣ «950» የሚባለው ዓይነት፣ ሰሌዳው ላይ ሲያነቡት 650 ዋት ነው የሚለው።

ከዚያም ትንሽ ቁጥር ላይ የእኛ አገር ደጋነት የራሱን ድርሻ ይወስዳል። ይህን ለደንበኞቼ ሁሉ እናገራለሁ፤ ሻጭ ሲናገረው ግን እስከ ዛሬ አልሰማሁም። ሞተር ቤንዚን ብቻ ጠጥቶ አይሠራም፣ አየርም ይተነፍሳል። ሰሌዳው ላይ ያለው ኃይል የተለካው በባሕር ጠረፍ አየር ነው። ለገጣፎ ከ2,400 ሜትር በላይ ናት፤ እዚህ ያለው አየር ስስ ነው፣ ግፊቱ የባሕር ጠረፉን ሦስት አራተኛ ያህል ብቻ ነው። ሞተሩ በየ300 ሜትሩ ከ3 እስከ 4 በመቶ ኃይሉን እያጣ ይወጣል። እርስዎ በር ላይ ሲደርስ ሩቡ የለም ማለት ነው። 2.8 ኪሎ ዋት ብለው የገዙት ማሽን ለገጣፎ ላይ 2.1 ነው። ወንጪ ይዘውት ሲወጡ የገደሉ አፋፍ ከ3,000 ሜትር ይበልጣልና ከዚያም ያንሳል።

አሁን ወደ ቤትዎ እንግባ። ስድስቱ አምፖሎች ኤልኢዲ ከሆኑ ሁሉም ተደምረው 60 ዋት አይሞሉም። ቴሌቪዥኑን 80፣ ዋይፋዩንና ዲኮደሩን 30፣ የስልክና የላፕቶፕ ቻርጀሩን 100 ያድርጓቸው። ፍሪጁ ሲሠራ 150 ዋት ገደማ ነው፤ ሲነሳ ግን የዚህን ሦስትና አራት እጥፍ፣ አንዳንዱም ከዚያ በላይ፣ ለአንዲት ሰከንድ ይጠይቃል። አምፖሉን እያዩ ፍሪጁ «ጉርር» ብሎ ሲነሳ መብራቱ ጭልም ብሎ ይመለሳል አይደል? ያቺ ቅጽበት ናት። ስለዚህ ሁሉም በርቶ 420 ዋት፣ ፍሪጁ በሚነሳባት ሰከንድ ደግሞ 1,000 አካባቢ ነው። የእርስዎ ቤት የሚያስፈልገው ይኸው ነው፤ ትልቅ ማሽን አይደለም።

ትልቅ የሚያደርገው ፓምፑና ምጣዱ ነው። ባለ አንድ ፈረስ ጉልበት ፓምፕ ሲሠራ 1,000 ዋት ይጠጋል፣ ሲነሳ ሦስት እጥፉን ይጠይቃል። ለእሱ ብለው በእጥፍ ገንዘብ ማሽን ከሚገዙ ሮቶ ቆጥ ላይ ይስቀሉና መብራት ባለ ጊዜ ይሙሉት፤ መብራት ሲጠፋ ውኃው በራሱ ክብደት ይወርድልዎታል። ስለ ምጣዱ ለባለቤትዎ በአክብሮት እንዲህ ይበሉልኝ፦ የኤሌክትሪክ ምጣድ ከ3 እስከ 4 ኪሎ ዋት ይበላል። እሱን በለገጣፎ አየር የሚሸከም ጄኔሬተር በሰሌዳው ቢያንስ 5 ተኩል ኪሎ ዋት መሆን አለበት፤ ለሁለት ሰው የሚከብድ፣ በሰዓት ሁለት ሊትርና ከዚያ በላይ ቤንዚን የሚያቃጥል ነው። አንድ ሊጥ ጋግሮ ለመጨረስ ስንት ሰዓት እንደሚፈጅ እሳቸው ያውቃሉ። መብራት ለሚጠፋበት ቀን ከቤት ጀርባ ምርጥ ምድጃ ይትከሉላቸው። ከሲሚንቶና ከቀይ አሸዋ የሚሠራው ማለቴ ነው፤ ከሦስት ጉልቻ አንጻር እንጨቱን በግማሽ ያህል ይቀንሳል። በማሽን የተጋገረ እንጀራ ለቤንዚን የሚወጣውን ገንዘብ አይመልስም።

ታዲያ የቱን ይግዙ? ለእርስዎ የምመርጠው ባለ 2 ኪሎ ዋት ኢንቨርተር ጄኔሬተር ነው። ሻንጣ የሚመስለው፣ በፕላስቲክ የተሸፈነው። ሳያቋርጥ የሚሰጠው 1.8 ኪሎ ዋት አካባቢ ነው፤ ሩቡን ቢቀንሱለት 1.3 ይተርፍዎታል፣ ቤትዎንም ከነፍሪጁ ይይዛል። ከተራው ማሽን በጣም እንደሚወደድ አውቃለሁ። ግን ተራው ማሽን አንድ አምፖልም አበራ አሥር በደቂቃ 3,000 ጊዜ ነው የሚዞረው፤ 50 ኸርዙን፣ ማለትም የኤሌክትሪኩን የሰከንድ ምት፣ የሚጠብቀው በዚያ ስለሆነ ዝቅ ማለት አይችልም። ኢንቨርተሩ ጭነቱ ሲቀንስ ሞተሩም ዝግ ይላል። ማታ ፍሪጅና ጥቂት አምፖል ብቻ ሲይዝ በሰዓት ግማሽ ሊትር እንኳ አይጨርስም፤ ተራው 3 ኪሎ ዋት በዚያው ጭነት አንድ ሊትር ይጠጋል። ቤንዚን ለማግኘት ማደያ በር ላይ ስንት ሰዓት እንደምንሰለፍ፣ በጀሪካን ለመቅዳትም እንዴት እንደሚያስቸግር ለእርስዎ አልነግርዎትም። ኤሌክትሪኩም የተስተካከለ ስለሆነ ቴሌቪዥንና ላፕቶፕ አይጎዳም። ድምፁ ዝቅ ያለ ነው፤ ጎረቤትዎ ሕፃን ካላቸው በዚህ ብቻ ያመሰግኑዎታል። ክብደቱም ከ20 እስከ 25 ኪሎ ነው፣ የመኪና የኋላ እቃ መጫኛ ውስጥ ይገባል።

ሲገዙ ካውያ ይዘው ይሂዱ። ከልቤ ነው የምለው። ካውያው 1,000 ዋት ከሆነ ማሽኑን አስነስተው ይሰኩት፣ ሙቀቱን እስከ መጨረሻ ያዙሩትና አሥር ደቂቃ ይቁሙ። ሞተሩ ቢያቃስት፣ በቴስተር ሲለኩ 220 የነበረው ከ200 በታች ቢወርድ ወይም ከማርሚታው ጥቁር ጭስ ቢወጣ፣ መልሰው ያስረክቡት። ሻጩ ደህና እቃ ካለው በዚህ አይቀየምም።

ስለ ድንኳኑ ጉዞ አንድ ነገር ላስጠንቅቅዎ፤ ይህን የተማርኩት በሰው እቃ ላይ ስለሆነ ሁልጊዜ ይቆጨኛል። ካርቦራተሩ ውስጥ ቤንዚን የምታሳልፍ ቀዳዳ ያላት ትንሽ የነሐስ ብሎን አለች። በደጋ አየር ሲያንስ ቤንዚኑ ይበዛል፣ ካንዴላው በጥላሸት ይለበሳል፣ ሞተሩም ጭስ ያበዛል። ስለዚህ ቀዳዳዋ ጠበብ ባለች ብሎን እንቀይራታለን፤ ያኔ ማሽኑ ይስተካከላል። ከጥቂት ዓመታት በፊት ለአንድ ደንበኛዬ እንዲህ አድርጌ ሰጠሁት። በወሩ አዋሽ ፓርክ ይዞት ወረደ፤ እዚያ ከፍታው 1,000 ሜትር ገደማ ነው። አየሩ ወፈረ፣ ቤንዚኑ ግን በጠባቡ ቀዳዳ ነው የሚመጣው። ማታ ማርሚታው ቀልቶ ሲያይ የጨለማው ነገር መስሎት ዝም አለ። ሲያመጣልኝ ፈትቼ አየሁት፤ የጭስ መውጫው ቫልቭ ጠርዙ ተበልቶ አይጥ የነከሰው ቂጣ መስሏል። የድሮዋን ብሎን በላስቲክ ቋጥሬ «ቆላ ስትወርድ መልሳት» ብዬ ብሰጠው ኖሮ ይህ ሁሉ አይመጣም ነበር። ላንጋኖ 1,600 ሜትር ስለማይሞላ እርስዎንም ይመለከትዎታል። መካኒክ ካስቀየሩ ዋናዋን ብሎን አይጣሉ፣ የት እንዳስቀመጧትም ይጻፉ። ለወንጪ ግን የተቀየረችው ትሂድ።

ድንኳን አካባቢ ማሽኑን ከነፋሱ በታች በኩል፣ ከድንኳኑ ቢያንስ 6 ሜትር ርቆ ያቁሙት፤ ጭሱ ከእናንተ ወደ ውጭ እንዲነዳ። መኪናው እቃ መጫኛ ውስጥ እያለ በፍጹም አያስነሱት። ምክንያቱን በሚቀጥለው ደብዳቤ ላይ ታገኙታላችሁ፤ እባክዎ አይዝለሉት።

ከቡራዩ

*ባለ 2.5 ኪሎ ዋት ጄኔሬተር አለን። ዝናብ ሲመጣ የት እናድርገው? በረንዳው ያፈሳል። ባለቤቴ እቃ ቤት አስገብቶ መስኮቱን መክፈት ይበቃል ይላል።*

እህቴ፣ አይበቃም። መስኮት መክፈት አይበቃም፣ በር መክፈትም አይበቃም።

ሁለት ክረምት ሆነው። ማታ አንድ ሰዓት ላይ ከሰፈራችን ሰው ደወለልኝ፤ «ማሽኑ ኃይል አነሰው፣ አንዴ ናልኝ» አለ። ስደርስ ዝናቡ ያወርደዋል። ማሽኑ በኮሪደሩ ጫፍ ያለች ጠባብ እቃ ቤት ውስጥ ነው፣ መስኮቷ ተከፍቷል። ሳሎን ስገባ ትንሿ ልጅ እናቷ ጭን ላይ ተኝታ ታስመልሳለች፤ እናትየውም ግንባሯን በሻሽ አስራለች። «ምች መቷት ነው» ብለው አያት ዳማከሴ እየጨመቁላት ነበር። ሁለቱም በአንድ ሰዓት እንዴት ምች ይመታቸዋል? ጋቢያቸውን ሳይቀር እንደለበሱ ወደ ዝናቡ አወጣኋቸውና ማሽኑን አጠፋሁ። በጎረቤት መኪና ጤና ጣቢያ ወሰድናቸው፤ ኦክሲጅን ተደረገላቸው፣ ሌሊቱን እዚያው አደሩ፣ ዳኑ። ማሽኑም ኃይል ያነሰው ራሱ የተነፈሰውን ጭስ መልሶ እየተነፈሰ ነበር።

ካርቦን ሞኖክሳይድ ይባላል። አይታይም፣ አይሸትም። የሚሸተው የቤንዚኑ ጭስ ነው፤ እሱ ሳይሸትም ገዳዩ ይኖራል። ደማችን ውስጥ ኦክሲጅን የሚሸከመውን ክፍል ከኦክሲጅን ከ200 እጥፍ በላይ አጥብቆ ይይዘዋል፤ ስለዚህ ትንሽ መጠን በቂው ነው። ራስ ምታት፣ ማዞር፣ ማስመለስ፣ ከዚያ እንቅልፍ። ከእንቅልፉ የማይነሳ ሰው አለ። የከሰል ምድጃ አስገብቶ በር ዘግቶ መተኛትም ያው ነው።

ማሽኑ ከበርና ከመስኮት 6 ሜትር ይራቅ፣ የጭስ መውጫውም ጀርባውን ለቤቱ ይስጥ። ለዝናቡ በአራት ቋሚ እንጨት ላይ አንድ ቆርቆሮ ይምቱለት፤ አራቱም ጎን ክፍት ይሁን፣ ከሥሩ ብሎኬት ይደርደር። በግድግዳ አይዝጉት። ወፈር ያለና የጎማ ሽፋን ያለው ረጅም ገመድ ይግዙ፤ ቀጭን ዲቫይደር በዚያ ርቀት ይግላል። ባለቤትዎ ይህን ገጽ ያንብቡልኝ።

ከኮዬ ፈጬ ኮንዶሚኒየም

*አራተኛ ፎቅ ነው የምኖረው። እናቴ ስኳር ስላለባት ኢንሱሊን ፍሪጅ ውስጥ አለ፤ መብራት ሲጠፋ እንቅልፍ አይወስደኝም። ትንሽ ጄኔሬተር በረንዳ ላይ ባደርግስ?*

ልጄ፣ በረንዳ ላይ ጄኔሬተር አይሆንም። ጭሱ ወደ ራስሽም ወደ ላይኛው ፎቅ መስኮትም ይገባል፤ ቤንዚን ይዞ አራተኛ ፎቅ መውጣትም ለሕንፃው ሁሉ አደጋ ነው።

መጀመሪያ ስለ ኢንሱሊኑ ሐሳብሽን ላቅልልሽ። ያልተከፈተው ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ነው የሚቀመጠው። ፍሪጁ መብራት ሲጠፋበት ካልከፈታችሁት አራት ሰዓት ያህል ቅዝቃዜውን ይይዛል። መጠቀም የተጀመረው ብልቃጥ ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ በክፍል ሙቀት እስከ 28 ቀን ይቆያል፤ የአዲስ አበባ ዙሪያ አየር ለዚህ ይመቻል። እንደየዓይነቱ ስለሚለይ ግን የእናትሽን መድኃኒት ይዘሽ ፋርማሲስቱን ጠይቂ፣ የነገረሽንም ፍሪጁ በር ላይ ለጥፊው። በረዶ ክፍል ውስጥ አታድርጊው፤ ኢንሱሊን አንዴ በረዶ ከሆነ አይሠራም።

ለአንቺ የሚሆንሽ የባትሪ ጣቢያ ነው፤ ሳጥን የሚመስለው፣ ሶኬት ያለው። ሊቲየም አይረን ፎስፌት የሚል ጽሑፍ ፈልጊበት፤ ዕድሜው ይረዝማል። 1,000 ዋት ሰዓት የሚይዘው ከብክነቱ በኋላ 850 ገደማ ይሰጥሻል። ትንሽ ፍሪጅ እየተነሳ እየጠፋ በአማካይ 50 ዋት፣ ሁለት አምፖልና ዋይፋይ 30 ቢሆን፣ አሥር ሰዓት ያስኬድሻል። ፍሪጁን ሲያስነሳ እንዳይጠፋ ለቅጽበት የሚችለው ዋት ከ1,000 በላይ መሆኑን አረጋግጪ። መብራት ሲመጣ ግድግዳው ላይ ሰክተሽ ትሞይዋለሽ። ለሽርሽርም ከጄኔሬተር ይልቅ ይህን የሚመርጡ ሰዎች እየበዙ ነው፤ መናገሻ ሱባ ጫካ ውስጥ የወፎቹን ድምፅ እየሰማችሁ ለማደር ጄኔሬተር ማስነሳት ያሳዝናል።

ከሰበታ

*ኤሌክትሪሺያኑ በሁለቱም ጫፍ ሶኬት ላይ የሚሰካ ገመድ ሠርቶልኛል። ዋናውን ብሬከር አጥፍቼ ማሽኑን ሳሎን ሶኬት ላይ ስሰካ ቤቱ በሙሉ ይበራል። ችግር አለው?*

አለው፤ ዛሬውኑ ይቁረጡት።

ያ ገመድ አንዱ ጫፉ ማሽኑ ላይ ተሰክቶ ሳለ ሌላው ቢነቀል፣ በእጅዎ ላይ ኤሌክትሪክ የያዘ ሹል ብረት ይቀራል። ልጅ ቢያነሳውስ? ከዚህም የባሰ አለ። አንድ ማታ በጨለማ ቸኩለው ብሬከሩን ማጥፋት ቢረሱ፣ 220 ቮልቱ በቆጣሪዎ በኩል ወጥቶ ሰፈሩ ትራንስፎርመር ላይ ይደርሳል። ትራንስፎርመር ደግሞ ወደ ታች እንደሚያወርድ ሁሉ ወደ ላይም ያወጣል፤ በወዲያኛው በኩል 15,000 ቮልት ሆኖ ይወጣል። ሽቦ ሊጠግን ምሰሶ ላይ የወጣው ሠራተኛ መስመሩ ሞቷል ብሎ ነው በእጁ የሚነካው። እርስዎ ሳያውቁት የሰው አባት ሊገድሉ ይችላሉ። መብራቱ በዚያ መሐል ከመጣ ደግሞ ማሽኑ ይቃጠላል።

መፍትሔው ቼንጅ ኦቨር ነው። ከቆጣሪው ቀጥሎ ይገጠማል፤ እጀታው ወደ ላይ ሲሆን የመንግሥት መብራት፣ ወደ ታች ሲሆን ጄኔሬተር፣ መሐል ላይ ምንም። ሁለቱ በአንድ ጊዜ የሚገናኙበት መንገድ የለውም። ዋጋው ከአንድ ማሽን ጥገና አይበልጥም። ሲገጠም ለፍሪጁና ለመብራቱ ብቻ እንዲያስተላልፍ ያስለዩት፤ ምጣዱና የውኃ ማሞቂያው በመንግሥት መስመር ይቅሩ። ያኔ ማንም ቤት ውስጥ ረስቶ ማሞቂያ ቢያበራ ማሽኑ አይታፈንም።

በደብዳቤዎ ግርጌ «አምና ክረምት የሠራ ማሽን ዘንድሮ አልነሳ አለ» ያሉትንም ልመልስ። ቤንዚኑ አብሮት ከርሟል አይደል? ወር ከሁለት ወር በላይ የቆየ ቤንዚን ካርቦራተሩ ውስጥ እንደ ማር ይጣበቃል። ቤንዚኑን አፍስሰው ትኩስ ይሙሉ፣ ካንዴላውን ነቅለው ያጽዱ፣ ዘይቱንም ይዩ፤ ዘይት ሲጎድል እንዳይነሳ የሚያደርግ መቆጣጠሪያ ያላቸው አሉ። ማሽኑ አዲስ በነበረ ጊዜ የመጀመሪያው ዘይት በ20 ሰዓት፣ ከዚያ በየ100 ሰዓቱ ነው የሚቀየረው። ይህ ሁሉ ሆኖ ካልተነሳ ካርቦራተሩን በሁለት ብሎን ፈትተው በንጹሕ ጨርቅ ጠቅልለው ይዘው ይምጡ፤ ማሽኑን ሙሉ ከሰበታ ካራ ድረስ መጫን አያስፈልግም። ቅዳሜ ከሰዓት በፊት ሱቅ ነኝ።